ስምና ግስ የማይለያዩበት ቋንቋ እንዴት ይፈጠራል? ከባዶ ወረቀት እስከ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር

አበበ መጣ።

ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም ግስ ናቸው። «አበበ» ማለት አበባ አወጣ ማለት ነው። ግን ይህን ስንሰማ ማናችንም ስለ አበባ አናስብም። አንድ አበበ የሚባል ሰው በበሩ ሲገባ ነው የሚታየን። «አበበን ጥራው»፣ «የአበበ ቤት»፣ «ለአበበ ንገሪው» እንላለን። ግሱን ወስደን እንደ ማንኛውም ስም «የ» እና «ለ» እንቀጥልበታለን፤ ምንም አይከብደንም። ከበደ፣ ታደሰ፣ ተሾመ፣ ዘነበች እንዲሁ ናቸው። ጥላሁን ትእዛዝ ነው፤ ጥላ ሁን። ወርቅነሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ማንያዘዋል ደግሞ ጥያቄ ነው።

ፈጠራ ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚመለሱበት አንድ ጥያቄ አለ። ስምንና ግስን ጭራሽ ባንለይስ? አንዱ ቃል ሁለቱንም ሥራ ቢሠራስ? እኔም ማታ ማታ ከሥራ መልስ ይህን ስሞክር ዓመታት አልፈዋል። እዚህ የምጽፈው ሞክሬ የሠራልኝን ነው። አብረን ትንሽ ቋንቋ እንሠራለን፤ ስሟን ታሊ ብያታለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ሥራው በሙሉ እሱ ላይ ስለሚቆም። በስምና በግስ መሀል ያለው መስመር አይጠፋም። ቦታ ነው የሚቀይረው። ከመዝገበ ቃላቱ አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። የት እንደምታስቀምጡት መወሰን ነው የእናንተ ሥራ።

ደረጃ 1፦ የትምህርት ቤቱን ትርጉም ለጊዜው ተዉት

«ስም የነገር መጠሪያ ነው፤ ግስ ድርጊትን ይገልጻል» ተብለን ነው የተማርነው። ሩጫስ? ጦርነትስ? ሳቅስ? ድርጊት ናቸው፤ ግን ስም ናቸው። «ነው» ደግሞ ግስ ነው፤ ምን ድርጊት አለው? ምንም። ስለዚህ በትርጉም መለየት አያዋጣም።

የአገራችን የሰዋስው መምህራን የተሻለ ቃል አላቸው፤ ማሰሪያ አንቀጽ። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው ማለት ነው። «ትናንት ከጎንደር በአውቶቡስ የመጣችው ልጅ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰሚው «እሺ፣ ምን ሆነች?» ይላችኋል። «የመጣችው» ውስጥ ግስ አለ፤ ግን አላሰረም። «ታመመች» ስትሉ ታሰረ። ልብ በሉ፤ «የመጣችውን ጥራት» ስንል ያው ግስ «-ን» ይዞ እንደ ስም ተቀምጧል።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ የምትይዙ ከሆነ ማሰሪያን ያዙ። ስም የሚታሰረው ነው፤ ግስ የሚያስረው ነው። ሁለቱም ሥራ ናቸው፤ የቃሉ ተፈጥሮ መሆን ግድ የለባቸውም።

ደረጃ 2፦ ሌሎች የሄዱበትን መንገድ እዩና አንዱን ምረጡ

አራት መንገድ ላሳያችሁ። እኩል አላወራባቸውም፤ አንዳንዱ ብዙ ስለሚያስተምር።

የመጀመሪያው የቃሉን መጨረሻ መቀየር ነው። ኤስፔራንቶ እንዲህ ያደርጋል። ዛሜንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም በ1887 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋርሶ ላይ ያሳተመው ቋንቋ ነው። ሥሩ አንድ ነው፤ መጨረሻው «ኦ» ከሆነ ስም፣ «ኢ» ከሆነ ግስ ይሆናል። ማርቴሎ መዶሻ ነው፤ ማርቴሊ በመዶሻ መምታት ነው። ብሮሶ ብሩሽ ነው፤ ብሮሲ መቦረሽ። ቀላል ይመስላል።

አሁን ኮምቢን ተመልከቱ። ማበጠር ማለት ነው። መጨረሻውን ለውጠን ኮምቦ ብንል ማበጠሪያ መሆን ነበረበት፤ ልክ እንደ መዶሻው። አይደለም። ኮምቦ ማለት የማበጠሩ ሥራ ነው። ማበጠሪያው ኮምቢሎ ነው፤ መሣሪያን የሚያመለክት ሌላ ቅጥያ ተጨምሮበት። ለምን? የመዶሻው ሥር በልቡ ስም ነው፤ የማበጠሪያው ሥር ደግሞ በልቡ ግስ ነው። በር ላይ መስመሩን ቢያጠፉትም ጓዳ ገብቶ ተቀምጧል። የታዋቂው የቋንቋ ሊቅ የፈርዲናንድ ደ ሶሱር ወንድም ሬኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ደክሞበታል። የእኛው አማርኛም እዚሁ ቦታ ላይ ነው ያለው። ማበጠሪያ ከአበጠረ ወጣ። ከመዶሻ ግን ግስ አናወጣም፤ «በመዶሻ መታ» ነው የምንለው።

ስለዚህ የቃሉን መጨረሻ በመቀየር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ሕግ አስቀድማችሁ ጻፉ። ስም ወደ ግስ ሲቀየር ትርጉሙ ምን ይሆናል? መጠቀም ነው? መሆን ነው? ማድረግ ነው? አማርኛ ይቀላቅለዋል። ከደወል ደወለ ስንል በደወል መጠቀም ነው። ከፊርማ ፈረመ ስንል ፊርማ ማኖር ነው። ጠቆረ ስንል ግን ጥቁር መሆን ነው። እናንተ አንዱን ምረጡና ጽኑ።

ሁለተኛው በቦታ መለየት ነው። ቶኪ ፖና እንዲህ ናት። ካናዳዊቷ ሶንያ ላንግ በ2001 ይፋ ያደረገቻት፣ 120 ገደማ ቃላት ብቻ ያሏት ቋንቋ ናት። ቃሏ ቅጥያ የለውም። ቴሎ ውሃ ነው። «ሚ ቴሎ ኤ ሌን» ሲሉ ግን ልብስ አጥባለሁ ነው፤ ልብሱን «ውሃሁት» እንደ ማለት። «ኤ» ከኋላው ተሳቢ እንደሚመጣ ትናገራለች፤ ያኔ ቴሎ ግስ መሆኑ ይታወቃል። ሞኩ ደግሞ ምግብም መብላትም ነው።

«ሚ ሞኩ» ቢላችሁስ? እበላለሁ ይሆናል። ምግብ ነኝም ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ነው። ሰው ሲያወራ ከሁኔታው ይገባናል፤ ምግብ ነኝ የሚል ሰው ስለሌለ። ተረት ስትጽፉና ፍየሏ ለጅብ ስትናገር ግን ነገሩ ይለወጣል። እኔ የመጀመሪያ ቋንቋዬን በዚህ መንገድ ነበር የሠራሁት፤ እንደ «ኤ» ያለች ቃል እንኳ ሳልጨምር፣ በቅደም ተከተል ብቻ። አንድ ገጽ ተረት ጻፍኩባት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ የራሴን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ። ሦስት ቃል ተከታትሎ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያስር ምልክት አልነበረም። ትናንሾቹን ቃላት የማከብረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የሎጅባን ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ታሊንም በዚሁ ነው የምንሠራት።

ጄምስ ኩክ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ በ1955 ሎግላን የሚባል ቋንቋ ጀመረ። የምንናገረው ቋንቋ አስተሳሰባችንን ይቀርጸዋል የሚለውን ሐሳብ ለመፈተን ነበር። ሎጅባን ከእሱ የወጣ ልጁ ነው፤ በ1987 የተጀመረ። መሠረቱ የሒሳብ ሎጂክ ነው። በሎጂክ ዓይን «ድመት» እና «ይሄዳል» አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ሁለቱም ክፍት ቦታ ያለው ቅጽ ናቸው፤ «… ድመት ነው»፣ «… ይሄዳል»። ባዶውን ሙሉና ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

የሎጅባኑ ክላማ አምስት ባዶ ቦታ አለው። (1) የሚሄደው፣ (2) የሚደርስበት፣ (3) የሚነሣበት፣ (4) የሚያልፍበት መንገድ፣ (5) የሚጓዝበት። «ሚ ክላማ ሌ ዛርሺ» ማለት ወደ ገበያ እሄዳለሁ ነው። አሁን ፊቱ ላይ «ሌ» አድርጉ። «ሌ ክላማ» ሂያጁ ይሆናል። «ሌ ሴ ክላማ» መድረሻው። «ሌ ቴ ክላማ» መነሻው። «ሌ ቬ ክላማ» መንገዱ። «ሌ ኼ ክላማ» መጓጓዣው። ቃሉ ራሱ አልተነካም። ግስ ነው ብላችሁ የያዛችሁት ቃል አምስት ስም ይዞ ነበር የተቀመጠው።

ምላቱ ድመት መሆን ነው። «ሌ ምላቱ ሹ ክላማ» ድመቱ ይሄዳል። «ሌ ክላማ ሹ ምላቱ» ሂያጁ ድመት ነው። ተገላበጠ፤ አልተሰበረም።

አራተኛው መንገድ ግስን ማስወጣት ነው። ሲልቪያ ሶቶማዮር የሠራችው ኬለን ግስ የላትም። ግስ የሌለው ቋንቋ የለም ለሚለው አባባል መልስ ለመስጠት ነው እንዲህ ያደረገቻት። በግስ ፈንታ አራት ማገናኛ ቃላት አሏት። አንዱ ለመኖርና ለመሆን፣ አንዱ ለለውጥ፣ አንዱ ለመስጠትና ለመቀበል፣ አንዱ ክፍልን ከሙሉው ለማገናኘት። ሌላው ሁሉ ስም ነው።

ይህ እንግዳ ይመስላል። አይደለም። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለች፣ እሺ አሉ። «ዝም» ምንድን ነው? ስም ነው? ግስ ነው? ለብቻው አያስርም፤ «ዝሙ» ብለንም አንጠራውም። ትርጉሙን እሱ ይሸከማል፤ የማሰሩን ሥራ «አለ» ይሠራል። ከውጭ ለመጡ ቃላትም በር የከፈትንላቸው በዚህ ነው። ላይክ አደረገ፣ ብሎክ አደረገችኝ፣ ዳውንሎድ አድርግልኝ። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ግስ አልባ ቋንቋ መሥራት የፈለገ ሰው «አለ»ን፣ «አደረገ»ንና «ነው»ን ብቻ ይዞ ቢነሣ ሩቅ ይሄዳል። አንድ ቀን ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ደረጃ 3፦ ቃሉን ከነባዶ ቦታዎቹ ጻፉ

ወደ ታሊ እንምጣ። የመጀመሪያ ቃላችን ስለ ቡና ትሁን። ሎፉ ብያታለሁ።

«ሎፉ ማለት ቡና» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «ሎፉ ማለት ቡና ማፍላት» ብላችሁም እንዳትጽፉ። ሁለቱም መስመሩን መልሰው መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያስገቡታል። ያለውን ነገር እዩ። ስኒው ተደርድሯል፤ ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው። ማን ማን አለ? የሚያፈላ ሰው አለ። የሚፈላው ቡና አለ። የሚጠጣው አለ። የሚፈላበት ጀበና አለ። እንግዲህ እንዲህ ጻፉ፦

ሎፉ፦ (1) የሚያፈላው፣ (2) የሚፈላው ቡና፣ (3) የሚፈላለት ሰው፣ (4) የሚፈላበት ጀበና።

ዕጣኑንስ? ረከቦቱንስ? ተዉት። ሎጅባን ራሱ ለመሠረታዊ ቃላቱ ከአምስት ቦታ በላይ አይሰጥም። ከአራት ካለፈ የቱ ስንተኛ እንደሆነ አታስታውሱትም።

ሦስት ቃል እንጨምር።

ሬማ፦ (1) እናት የሆነችው፣ (2) ልጇ።
ዳኑ፦ (1) ጎረቤት የሆነው፣ (2) የማን ጎረቤት እንደሆነ።
ሲፖ፦ (1) የተሰበረው፣ (2) የሰበረው።

የሲፖን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ሰባሪውን ሁለተኛ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። አንድ ነገር ሲሰበር የተሰበረው ሁልጊዜ አለ፤ ሰባሪው ላይታወቅ ይችላል። እኛም ቤት «ብርጭቆው ተሰበረ» ነው የሚባለው፤ ማን ሰበረው የሚለው በኋላ ይጣራል። ከቃሉ ጋር ሁልጊዜ የሚገኘውን አንደኛ ቦታ ላይ አድርጉት። ይህን ያላሰቡበት ቋንቋ ሲናገሩት ያደክማል።

ደረጃ 4፦ ትናንሾቹን ቃላት ሥሩ

አሁን መስመሩን የምናስቀምጥበት ቦታ ደረስን። ታሊ ሁለት ዋና ትንንሽ ቃላት አሏት። «ዮ» ታስቀምጣለች፤ ከኋላዋ የሚመጣውን ቃል እንደ ስም ታቀርበዋለች። «ኬ» ታስራለች። ያው ማሰሪያ አንቀጽ ማለት ናት፤ ለብቻዋ ተነቅላ የወጣች።

ዮ ሬማ ኬ ሎፉ። እናት ቡና ታፈላለች።
ዮ ሎፉ ኬ ሬማ። ቡና የምታፈላዋ እናት ናት።

ሌሎቹን ቦታዎች ለመጥራት ቁጥር እንስጥ። ቢ ሁለተኛ፣ ቱ ሦስተኛ፣ ጋ አራተኛ። «ዮ ቢ ሎፉ» ቡናው ነው። «ዮ ቱ ሎፉ» ጠጪው። «ዮ ጋ ሎፉ» ጀበናው። «ዮ ቢ ሬማ» ደግሞ ልጅ ይሆናል፤ እናት ያለችው ማለት ነውና። ለልጅ ሌላ ቃል ሳንፈጥር አገኘነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቦታ መዝለልስ ሲያስፈልግ? «እናት ለጎረቤት ቡና ታፈላለች» ለማለት ቡናውን ሳንጠራ ሦስተኛው ቦታ ላይ መድረስ አለብን። ቁጥሯን ከ«ዮ» በፊት አድርጉ፦

ዮ ሬማ ኬ ሎፉ ቱ ዮ ዳኑ።

ቁጥሯ ከ«ዮ» በፊት ስትመጣ «ይህ ሰው የማሰሪያውን ሦስተኛ ቦታ ይሞላል» ማለቷ ነው። ከ«ዮ» በኋላ ስትመጣ ግን ስለ ራሱ ስለ ቃሉ ነው የምትናገረው። ሁለቱን አታምታቱ።

ደረጃ 5፦ ጊዜን ቃሉ ላይ አትለጥፉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ያለውን በጥንቃቄ ይሠራና የኃላፊ ጊዜ ምልክትን ቃሉ ላይ ይለጥፋል። በቃ፤ ያን ምልክት የሚቀበል ቃል ግስ ሆነ፤ የማይቀበል ስም ሆነ። የደከማችሁበት ሁሉ ፈረሰ።

ጊዜን ትናንሾቹ ቃላት ይሸከሙት። በታሊ «-ሮ» ኃላፊ ጊዜ ናት። ኬሮ አሰረች፤ ከዚህ በፊት። «ዮ ጋ ሎፉ ኬሮ ሲፖ» ጀበናው ተሰበረ። አሁን «-ሮ»ን «ዮ» ላይ አድርጓት። «ዮሮ ዳኑ» ምን ይሆናል? የድሮ ጎረቤት። ጎረቤት የነበረው። «ዮሮ ዳኑ ኬሮ ሎፉ» ስትሉ የድሮ ጎረቤት ቡና አፈላች ነው። ስም ጊዜ ያዘ። ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ «የመጣው» እና «የሚመጣው» ስንል ያው ጊዜን በተቀመጠው ላይ እየሰቀልን ነው።

ብዙ ቁጥርም እንዲሁ፤ ከፈለጋችሁት «ዮ» ላይ ስቀሉት። ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ይቅር።

ደረጃ 6፦ ድርጊቱን ከሠሪው ለዩ

«ዮ ሎፉ» የሚያፈላው ሰው ነው። ማፍላቱን ራሱን እንዴት እንጠራዋለን? «ቡና ማፍላቱ ያስደስተኛል» ማለት የሚፈልግ ሰው የሚያስደስተኝ የሚያፈላው ሰው ነው እንዲል አናስገድደውም። ሎጅባን ለዚህ «ኑ» የምትባል ቃል አላት። ለታሊ «ኦም» እንስጣት። «ዮ ኦም ሎፉ» ቡና ማፍላቱ። «ዮሮ ኦም ሲፖ» ስብራቱ፤ ያለፈው።

አማርኛ ይህን ከሥሩ ነው የሚሠራው። ሰ፣ በ፣ ረ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያዙ። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስባሪ፣ ስብራት፣ መስበር፣ መስበሪያ፣ አሰባበር። ሥሩ ራሱ ስምም ግስም አይደለም፤ አናባቢው ሲገባበት ነው ልብስ የሚለብሰው። ጆን ኪሃዳ የሚባለው አሜሪካዊ በ2004 በኢንተርኔት ይፋ ባደረገው ኢትኩዊል ላይም ሥሩ በራሱ ስምም ግስም አይደለም። የእሱን ያህል ውስብስብ ነገር ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክርም።

ደረጃ 7፦ ገልብጡት

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ገልብጡና ይቆም እንደሆነ እዩ። ይህ ፈተና ከፈጠራ ቋንቋ የመጣ አይደለም። በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ላይ የሚነገር ኑቻኑልት የሚባል ቋንቋ አለ። የቋንቋ አጥኚው ሞሪስ ስዋዴሽ በ1939 ባወጣው ጽሑፍ ከዚህ ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአንዱ «መሥራት» አሳሪ ነው፤ «ሰው» ተቀምጧል፤ ሰውየው ይሠራል። በሌላው «ሰው» አሳሪ ነው፤ «መሥራት» ተቀምጧል፤ የሚሠራው ሰው ነው። ቅጥያዎቹ ሁለቱንም ቃላት እኩል ይቀበሏቸዋል። ሰዎች ለዘመናት ሲናገሩት የኖሩት ቋንቋ ነው እንግዲህ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ሌሎች አጥኚዎች ጠጋ ብለው ሲያዩ ልዩነት አገኙ። እንደ «ሰው» ያለው ቃል አመልካች ቅጥያው (በእኛ «ቤቱ» ላይ እንዳለው «-ኡ» ያለው) ባይኖረውም እንደ ስም መቀመጥ ይችላል። እንደ «መሥራት» ያለው ግን ቅጥያው ሳይኖር አይቀመጥም። ትንሽ ስንጥቅ ናት፤ ግን አለች።

በእናንተም ቋንቋ ይህችን ስንጥቅ ፈልጉ። በታሊ «ዮ» ሳይኖር ሊቀመጥ የሚችል ቃል አለ? ካለ መስመሩ በዚያ ተመልሶ ገብቷል። እኔ ስፈልግ ያገኘሁት በጥሪ ላይ ነው። ሰው ስጣራ «ዮ ሬማ!» ማለት ትቼ «ሬማ!» ማለት ጀምሬ ነበር፤ ሲፖን ግን ማንም እንዲህ አይጠራውም። ሁለት ምርጫ አለ። ስንጥቁን መድፈን፣ ወይም ማስቀረት። እኔ አስቀረሁት፤ አፍ የወደደውን ነገር መከልከል ቋንቋውን ያደርቀዋልና።

ደረጃ 8፦ ለሌላ ሰው አንብቡለት

ታናሽ እህቴን አስቀምጬ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት። ቃላቱን በአንድ ወረቀት፣ ትናንሾቹን ቃላት በሌላ። «ዮ ሬማ ኬ ሎፉ» ወዲያው ገባት። መገልበጡም ገባት። «ዮ ሲፖ ኬ ጋ ሎፉ» ላይ ስትደርስ ግን እርሳሷን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ የተሰበረችው ቡና የምታፈላዋ ናት?»

«አይደለችም፤ 'ጋ'ን እያት። አራተኛው ቦታ።»

ወረቀቱን አየች። ትንሽ ቆየች። «ጀበና ማለት ነው? ታዲያ ለምን ጀበና አትለውም? በቀን ሦስት ጊዜ የምንጠራውን ዕቃ 'ቡና የሚፈላበት አራተኛው' ማለት አለብኝ?»

ትክክል ነበረች። ሁሉን ነገር ከአንድ ቃል ማውጣት ወረቀት ላይ ያምራል፤ አፍ ውስጥ ይከብዳል። ሎጅባን ለድመትም ለገበያም የራሳቸውን ቃል ሰጥቷል፤ ከሌላ አላወጣቸውም። ስለዚህ ቦቲን ጨመርኩ። ቦቲ፦ (1) ጀበና የሆነው፣ (2) ውስጡ ያለው። «ዮ ሲፖ ኬ ቦቲ»፤ የተሰበረው ጀበና ነው። ቦቲም ቢሆን ስም ብቻ አይደለችም። «ዮ ቢ ቦቲ» ስትሉ ጀበናው ውስጥ ያለውን ትጠራላችሁ፤ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ ቡናም። ዕለት ዕለት ለምትጠሩት ነገር የራሱን ቃል ስጡት፤ ባዶ ቦታ ግን አትንፈጉት።

ይህን ፈተና አትዝለሉት። ሰሪው ሁሉንም በልቡ ስለሚያውቅ ጉድለቱ አይታየውም።

ደረጃ 9፦ የሰው ስም የት ይግባ?

የመጨረሻው ቋጠሮ ይህ ነው። ቶኪ ፖና የሰው ስምን ለብቻው አታቆመውም፤ «ያን» ማለት ሰው ነው፣ ስሙ ከኋላው ገላጭ ሆኖ ይመጣል። ሎጅባን ለስም መጥሪያ «ላ» የምትባል ሌላ ትንሽ ቃል አላት። ለታሊም አንዲት ያስፈልጋታል፤ «ሻ» እንበላት። ማንኛውም ቃል ከ«ሻ» ኋላ ሲመጣ መጠሪያ ስም ይሆናል።

አንድ ቃል እንጨምር። ፊሉ፦ (1) የሚያብበው። «ዮ ፊሉ» የሚያብበው ነገር ነው፤ ቅርንጫፍም፣ ዛፍም። «ሻ ፊሉ» ግን አበበ ነው፤ ሰውየው።

አሁን እርሳሱን ያዙና ይህን ወደ ታሊ መልሱልኝ፦ አበበ አበበ።

በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አበበ የሚባለው ሰው አማረበት፣ ፈካ፤ ወይም አበበ የሚባል ሰው፣ አባቱም አበበ። በጽሑፍም በድምፅም አይለይም። በታሊ ግን የመጀመሪያው «ሻ ፊሉ ኬሮ ፊሉ» ይሆናል። ሁለተኛው «ሻ ፊሉ ሻ ፊሉ»።